የሚደፋው ውሃ

«ናሙና» ስሟ አይደለም። እናትና አባቷ ያወጡላት ደህና ስም ነበራት፤ ግን ውሃ መሥሪያ ቤት ከገባች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ በሃያ ስድስት ዓመት ደግሞ ስም ቀርቶ ሰውም ይለወጣል። ማክሰኞ ከየሰፈሩ ቧንቧ፣ ሐሙስ ከፍሳሽ ማጣሪያው መግቢያ ናሙና የምትቀዳው እሷ ናት። ዘበኛው ከሩቅ ሲያያት «ናሙና መጣች» ይላል። ሹፌሩ «ናሙናን አድርሼ ልምጣ» ይላል፤ ብልቃጦቹን ይሁን ሴትዮዋን ማለቱ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። አንድ ጊዜማ የፈቃድ ወረቀቷ ላይ ሳይቀር «ለወይዘሮ ናሙና አሥር ቀን ተፈቅዷል» ተብሎ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ወጥቷል።

ቁጭ ማለት አትወድም፤ እውነቱን ለመናገር አትችልም። ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፣ ስልክ እየተንጎራደደች ታወራለች፣ ስብሰባ በር ተደግፋ ትሰማለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ «ይቺን ሴት ወንበር ይነክሳታል» ይል ነበር። ጠባዩ ለሥራዋ ተስማምቷታል፤ በቀን አሥራ አራት ቧንቧ የሚያዞር ሥራ ለተቀማጭ ሰው አይሆንም።

ሥራው ሥርዓት አለው። ጓንት ታጠልቃለች። በአልኮል የተነከረ ጥጥ ለኩሳ የቧንቧውን አፍ ትለበልባለች። ከዚያ ውሃውን ከፍታ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ታፈሰዋለች። ቧንቧው አንገት ላይ ቆሞ ያደረ ውሃ የብረቱን ጠባይ እንጂ የሰፈሩን ውሃ አይናገርም ብለው ነው ያስተማሯት፤ እሷም ከእሷ በኋላ ለገቡት ሁሉ ይህንኑ አስተምራለች። «ሦስት ደቂቃ! ሁለት ተኩል አላልኩም!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ብልቃጡ የሚሞላውና በረዶ ሳጥን ውስጥ የሚገባው። ቤተ ሙከራው ባክቴሪያ ይፈልግበታል፣ ክሎሪኑን ይለካል፣ ቅጹም «ንጹህ» የሚል ቃል ይዞ ይመለሳል። ከቃሉ ሥር የእሷ ፊርማ ይሰፍራል። ትልቅ፣ ጅራቱ ረዥም ፊርማ ነው፤ በዚህ ፊርማ ትኮራለች።

ይህ ኩራት ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ያለቻት አንድ ልጅ ናት። ልጅቷ አግብታ ታችኛው ሰፈር ቤት በተከራየች ሰሞን እናት ልትጠይቃት ሄደች፤ ምድጃው ላይ አንድ ድስት ውሃ ይንተከተካል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሚጠጣ ውሃ ነዋ እማዬ። እያፈላሁት ነው።»

«እኔ የፈረምኩበትን ውሃ?» አለች ናሙና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «የሌላ ሰው ልጅ ብታፈላ አይገርመኝም። የኔ ልጅ! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? አውርጂው!»

ልጅቷ ስቃ አወረደችው። ናሙና ደግሞ ነገሩን ለማተም ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድታ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ልጅቷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

የሐሙሱ ናሙና ሌላ ዓይነት ነው። ማጣሪያው መግቢያ ላይ የየሰፈሩ ፍሳሽ በየመስመሩ ይደርሳል፤ እሷ ረዥም እጀታ ባለው መቅጃ ከየመስመሩ ትጨልፋለች። ሠራተኞቹ «ሾርባ ቀማሿ መጣች» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም «ለሁላችሁም ይደርሳል፣ ተሰለፉ» ትላቸዋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከዚያው ላይ አንዳንድ ጠርሙስ ለምርምር ተቋሙ ታደርሳለች። እዚያ ያለችው ተመራማሪ ወጣት ሴት ናት፤ ፍሳሽ ውስጥ ቫይረስ ትፈልጋለች። የሰፈርን በሽታ ከሐኪም ቤት ቀድሞ ሽንት ቤት ያወራዋል ትላለች። ናሙና አባባሉን ወዳው ለሹፌሩ ሳይቀር ነግራዋለች።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ይቀመጡ» አለቻት ተመራማሪዋ አንድ ሐሙስ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«የታችኛው ሰፈር መስመር የጉበት ቫይረስ አለበት። ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፤ በየሳምንቱም እየጨመረ ነው።»

«ታዲያ ፍሳሽ ውስጥ ቢገኝ ምን ይገርማል? ፍሳሽ እኮ ነው።»

«ፍሳሹ ውስጥ የገባው ከሰው ወጥቶ ነው እትዬ። ሰው ውስጥ የገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚጠጣ ውሃ ነው።» ተመራማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለብዙው ሰው ዓይኑን ቢጫ አድርጎ፣ አድክሞት ያልፋል። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ክፉ ነው፤ በተለይ ወሩ ሲገፋ። እናትየውንም ልጁንም ሊወስድ ይችላል።»

ናሙና ተቀመጠች።

«ከገባ በኋላ በስንት ቀን ነው የሚታየው?»

«ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ምነው እትዬ?»

«እንዲያው ነው» አለች። ከዚያ ተነስታ ወጣች፤ ባዶውን የበረዶ ሳጥን ረስታው ከደረጃው ተመለሰች፤ እንደገና ወርዳ ደግሞ ጓንቷን ረስታ ተመለሰች።

በቀጥታ ወደ ሃላፊው ቢሮ ነው የሄደችው። ሃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚያምን ሰው ነው። የነገረችውን ሁሉ አዳምጦ ፋይል አወጣ።

«የታችኛው ሰፈር የቧንቧ ውጤት ምን ይላል?»

«ንጹህ።»

«የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ ከራስሽ ጋር ነው የተጣላሽው ማለት ነው» አለና ሳቀ። «ደግሞ ያ ሰፈር አቤቱታ ጽፎ ነበር፤ መልስ ሰጥተናል። እይው።»

ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሃያ ምናምን ሰው ፈርሞበታል። «በሰፈራችን ወፍ ስለበዛብን ውሃው እንዲታይልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። ዳሩ ላይ መዝገብ ቤት በቀይ «ለጥገና ክፍል ይመራ» ብሎበታል። የጥገና ክፍልም ሥራውን ሠርቶ መልሱን አያይዟል፤ «የውሃ ማጠራቀሚያው መስኮቶች በሙሉ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነዋል። ከእንግዲህ ወፍ አይገባም።»

ናሙና ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሽቦው ሲሠራ እሷም አይታለች፤ ሰዎቹ መሰላል ላይ ሆነው እያፏጩ ሲቸነክሩ «በርቱ» ብላቸው አልፋለች።

«ኧረ ይሄ የሚበር ወፍ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «የወፍ በሽታ ማለታቸው ነው! ዓይን ቢጫ የሚያደርገው! ጉበት!»

ሃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ፈገግታ መጣበትና መልሶ ዋጠው። «ታዲያ በሽታ ብለው አይጽፉም?» አለ።

«ለታመመ ሰው ግልጽ ነዋ!»

«በይ እሺ። ማስረጃ አምጪና እንነጋገራለን። ውሃው ንጹህ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ፣ ቆሻሻ ነው የምትይውም አንቺ። የትኛውን አፍሽን ልመን?»

እውነትም የትኛውን?

ለልጇ ደወለች። የልጅቷን ድምፅ ስትሰማ ግን ያሰበችው ሁሉ ከአፏ ላይ ጠፋ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡርን በስልክ «ልትሞቺ ትችያለሽ» አይሏትም። «ቧንቧ እየተጠገነ ነው፣ ለጊዜው ውሃውን እያፈላሽ ጠጪ» አለቻት። ልጅቷ ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ «እሺ እማዬ» አለችና ስለ ባሏ ጉንፋን ማውራት ጀመረች። ናሙና ስልኩን ይዛ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ትመላለሳለች። ያለፉትን ሁለት ወራት ማን ያፈላቸዋል? የተጠጣው ተጠጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሰው ቀን አልነበሩም። ሰው ስታናግር ዓይኑን ነው የምታየው፤ ነጩን ክፍል። ሹፌሩ «ምነው ዓይን ዓይኔን? ልትድሪኝ አሰብሽ እንዴ?» ብሏታል። የምትበላው አይወርድላትም፤ የምትሠራው ያመልጣታል፤ ሁለት ብልቃጥ ሰብራለች፣ በሃያ ስድስት ዓመት ሰብራ የማታውቀውን።

ታችኛው ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና እሷን እዚያ የሚያደርሳት ግን አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ለሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነበር። በዚያ ማክሰኞ መኪናውን መጠበቅ አቃታት። በእግሯ ወረደች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ደረሰች።

የልጇ ግቢ ቧንቧ ፊት ጀሪካን ተሰልፏል፤ የልጇም ቢጫ ጀሪካን ሦስተኛው ላይ ነው። ልጅቷ ሥራ በጠዋት ስለምትገባ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት የምትቀዳላት። ልብስ ሰፊዋም ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ከናሙና ልጅ ሆድ ጋር እኩል ነው፣ ክትትልም አብረው ነው የሚሄዱት።

«እማማ ናሙና! ዛሬ ምነው በጠዋት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሳትመልስላት የውሃው ሰዓት ደረሰ። ቧንቧው መጀመሪያ ነፋስ ተፋ፤ ከዚያ እንደ ጉንፋናም ሰው ሳለ፤ ከዚያ ደብዘዝ ያለ ውሃ ተንፎለፎለ። ጀሪካን ወዲያው ተደቀነ። ውሃው እየጠራ ሄደ፤ ናሙና ሰዓቷን አየች። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት ጀሪካን ሞላ። ማንም ሰው አንዲት ጠብታ አልደፋም። በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ የሚያይ ሰው ለምን ይደፋል?

ያን ጊዜ ነው የገባት። እሷ የምትደፋውን ነው ሰው የሚጠጣው።

ቧንቧውና የፍሳሹ መስመር በዚህ ሰፈር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን እንደተቀበሩ ታውቃለች። መገጣጠሚያዎቹ እንዳረጁ ታውቃለች። ውሃ ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ እንደሚስብ ታውቃለች። ውሃው ሲመለስ ያንን ሁሉ ጠራርጎ የሚያመጣው የመጀመሪያው ፈሳሽ ነው፤ እሷ ደግሞ ያ ውሃ በየጀሪካኑ ከገባ በኋላ በአራት ሰዓት እየደረሰች፣ ትራፊውንም በሥርዓት፣ በሰዓት እየለካች ስትደፋ ኖራለች። ቢያንስ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱን ብትረሳ ኖሮ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። እሷን ሃያ ስድስት ዓመት ነው ያሳሳቃት።

«የመጀመሪያው ሁልጊዜ ትንሽ ይሸታል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የናሙናን ፊት አይታ። «ብናውቅም እርስዎ ንጹህ ነው ካሉ ብለን ነው።»

ሰፈሩ በሙሉ ሽታውን ያውቃል ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማችው የፈረመችው ብቻ ናት።

«ለማንኛውም እያፈላችሁ ጠጡ» አለች ናሙና። አለች ይባል እንጂ በግማሽ አፏ ነው ያለችው፤ ማስረጃ የላትም፣ ከሥራ መባረርንም ትፈራለች። አንዱ ጎልማሳ «ኧረ እማማ ናሙና አይቀልዱ፣ ልጅዎ እኛ የምንጠጣውን አይደል የምትጠጣው?» አለና ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ፈገግ አለች። ይህን ፈገግታ በኋላ ዕድሜ ልኳን ጠልታዋለች።

ከተሞሉት አንዱን ጀሪካን ለመነች፤ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ሰጠቻት። ናሙና ጀሪካኑን አዝላ፣ ሲከብዳት እያወረደች፣ እንደገና እያነሳች ተቋሙ ድረስ ወሰደችው።

«ምንድን ነው እትዬ?» አለች ተመራማሪዋ።

«የሚደፋው ውሃ ነው። ሳይደፋ አምጥቼልሻለሁ።»

ውጤቱ ስምንት ቀን ፈጀ። በስምንተኛው ቀን ተመራማሪዋ ራሷ ወረቀቱን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት። ናሙና ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት ሄዳ ባዶ ቅጽ አወጣች። የአቀዳድ ዘዴ በሚለው ቦታ «ሳይፈስ የተቀዳ» ብላ ጻፈች፤ ውጤት በሚለው ላይ «የጉበት ቫይረስ ተገኝቶበታል» አለች። ፈረመች፤ ጅራቱን ግን አላስረዘመችውም። ሃላፊው በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ «ለበላይ እጽፋለሁ፤ መግለጫ እስኪወጣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለ። ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ናሙና ደረጃው ላይ ነበረች።

ልጅቷ ከሥራ ተመልሳ ቤቷ ናት። በሩን ስትከፍት ናሙና እጇን ይዛ እየጎተተች መስኮቱ ጋ ወሰደቻት፤ የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች። ነጭ ነው። ሌላውንም አየች። ነጭ ነው።

«እማዬ ምን ሆነሻል? ያመኛል!»

«ይደክምሻል? ምግብ ያስጠላሻል? ሽንትሽ ይጠቁራል?» ቃሎቹ ይደናቀፋሉ። «ውሃው… ንጹህ አይደለም። የመጀመሪያው ውሃ በሽታ አለበት፤ ለነፍሰ ጡር መጥፎ ነው። አውርጂው ያልኩሽ እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ነው ልጄን…»

«እማዬ፣ ስሚኝ። አትቆጪኝም?»

«ምን አድርገሽ ነው የምቆጣሽ?»

«አፈላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። አንቺ ስትመጪ ድስቱን አልጋ ሥር ነበር የምከተው።»

እንግዲህ ሰው ጉደኛ ፍጥረት ነው። የናሙና የመጀመሪያ ስሜት ደስታ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ቅያሜ ነበር። «ፊርማዬን አላመንሽውም?» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ ራሷን ሰማችና አፍራ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ የልጇን ሆድ አቅፋ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች። ልጅቷም አብራት አለቀሰች።

«አንቺን አለማመን አይደለም» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ይሸተኝ ነበር። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው። ሰው ደግሞ የናሙና ልጅ ውሃ ታፈላለች ብሎ እንዳይስቅብሽ በሬን ዘግቼ ነበር የማፈላው።»

«ማንም አያውቅም?»

«ከባሌ በቀር ማንም። ሁሉም የናሙና ልጅ የምትጠጣውን እንጠጣለን ነው የሚሉት።»

ናሙና እጇን ከልጇ ሆድ ላይ አነሳች።

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«ቤቷ ናት። ሦስት ቀን ሆናት ደክሟታል፤ ምግብ አስጠልቷታል። እርግዝናው ነው ብለን…» ልጅቷ አልጨረሰችውም።

የልብስ ሰፊዋ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ታዞራለች፤ ለናሙና ልጅ ሕፃን የምትሰፋው ነው። ቀና ስትል የመስኮቱ ብርሃን ዓይኗ ላይ ወደቀ። ዓይኗ ቢጫ ነው።

«እማማ ናሙና! ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብላ በዝግታ ተነሳች። ከጀሪካኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ አቀረበችላት። «ላብዎት ጠብ ጠብ እያለ ነው። ይጠጡ።»

ናሙና ብርጭቆውን ተቀበለች። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይታይበትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ውሃ ደግመሽ እንዳትጠጪው። በሽታ አለበት። የያዘሽም እሱ ነው። ንጹህ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ያን ዕለት ቧንቧው ጋ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይዤሽ ልሂድ፣ ተነሽልኝ የኔ ልጅ።»

ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣችም። ብርጭቆውን አየች፣ ናሙናን አየች፤ ፊቷ ላይ ድንጋጤው እየዘገየ ነው የመጣው። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም።

«ልጅዎስ? እሷስ? እኩል አይደል ስንጠጣ የኖርነው?»

ናሙና መዋሸት ትችል ነበር። «እሷ ታፈላ ነበር» አለች።

ልብስ ሰፊዋ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ከናሙና ልጅ ቤት የሚለያትን ግድግዳ ተመለከተች።

«ምነው ታዲያ» አለች፣ «ለኔ ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?»